ስልክ ይዞ ፒያሳ መውጣት፦ የቪዲዮ ጀማሪው በመሀል አዲስ አበባ

አመሻሽ ላይ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የወጣ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ሦስት ልጆች፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ትራይፖድ። አንዷ ትጨፍራለች፣ አንዱ ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ተራው እስኪደርስ ፀጉሩን ያስተካክላል። ከበላያቸው ማዘጋጃ ቤቱ አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚያ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ያኔ ሰው ፊት ለመታየት ስቱዲዮ፣ አንቴናና የመንግሥት በጀት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ካርድ የሞላ ሁሉ የራሱ ጣቢያ አለው።

በከተማው አፍ ሁሉም «ቲክቶከር» ነው። ዩቲዩብ ላይ ብቻ የሚሠራው እንኳ ከዚህ ስም አያመልጥም። መደበኛ መጠሪያው «ይዘት ፈጣሪ» ነው፣ ግን ቡና ላይ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ሥራው ብዙ ዓይነት ነው፦ ቀልድ፣ ፕራንክ (ሰው አስደንግጦ ማሳቅ)፣ የምግብ ቤት ቅምሻ፣ የመንገድ ላይ ጥያቄ፣ የቤትና የመኪና ዋጋ፣ መንፈሳዊ ትምህርት፣ የስልክ ጥገና።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። ምን ልግዛ? ለጊዜው ምንም። መካከለኛ ስልክ ይበቃል፤ ተመልካቹም የሚያየው በስልክ ነው። ቪዲዮውን የሚገድለው ድምፅ ነው። መሀል አዲስ አበባ ደግሞ ዝም አይልም። ረዳቱ ይጣራል፣ ግንባታው ይደበድባል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ በወሩ 23 ደግሞ አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ይሞላዋል። አንድ ጊዜ አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር አርባ ደቂቃ አወራሁ። ቤት ገብቼ ቀረጻውን ስከፍተው የሚሰማው «መገናኛ! መገናኛ!» ብቻ ነው። መምህሩ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚናገረው ግን የታክሲው ረዳት ነው። ድጋሚ እንዲያወሩኝ ለመለመን አፈርኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ወደ ማይክ ይሂድ። ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ገመድ አልባ ማይክ መርካቶም መገናኛም የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ እሱ ሁሌም ይላል። እዚያው ስልክ ላይ ሰክቶ፣ በር ላይ ወጥቶ ቀርጾ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ መግዛት ይሻላል። የስልኩ ቀዳዳ ታይፕ ሲ ይሁን ላይትኒንግ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ለነፋስ የሚሆነው ጸጉራም ሽፋን አብሮ ከሌለ ማይኩ ለውጭ ሥራ ብዙም አይረባም። ቤት ውስጥ ትረካ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ ጋቢ ተከናንቦ ይቅረጽ። ያስቃል፣ ግን ጋቢው የባዶ ክፍልን ማስተጋባት ይውጣል።

ብርሃን ከድምፅ ይቀላል፣ ምክንያቱም በነጻ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በላይ ሆና ዓይን ስር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ፊት ያምራል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ነውና ቀጠሮ ለመያዝ አያስቸግርም። የክረምቱ ደመና ለፊት እጅግ ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ወደ ድምፅ ችግራችን እንመለሳለን።

የት ይቀረጽ? ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መልኩ የተለወጠው ፒያሳ፣ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ መስቀል አደባባይ፣ ለገሃር የሁሉም ምርጫ ናቸው። ችግራቸውም ያው ነው፤ የሁሉም ቪዲዮ አንድ ይመስላል። እኔን ብትጠይቁኝ የጀበና ቡና ጥግና የጫማ አሳማሪ ወንበር ከአዲሱ ፏፏቴ የበለጠ ታሪክ አላቸው። በስልክ የሚቀርጽን ሰው ብዙ ጊዜ ማንም አይናገረውም። ትራይፖድ ሲዘረጋ ወይም ትልቅ ካሜራ ሲወጣ ግን ጥበቃ ወይም ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ፈቃድ አለህ?» ይላል። መከራከር ሰዓት ይበላል፤ ለትልቅ ቀረጻ ደብዳቤ አስቀድሞ ማስጻፍ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ባንክና የጸጥታ ተቋም አካባቢ ስልክን ኪስ ውስጥ መክተት ብልህነት ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም።

የሰው ፊትስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በአገሩ ቴሌቪዥን እንኳ አልነበረም። አንቀጽ 27 ግን የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ እንደ ሕዝባዊ ሥነ ሥርዓትና ባለሥልጣንነት ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ጎዳና ላይ ሰው አስደንግጦ የሚለጠፍ ፕራንክ ከነዚህ ውስጥ አይገባም። ለአንዲት እናት ዳቦ ሰጥቶ እንባዋን መቅረጽም እንዲሁ። ይህን ሁለተኛውን ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ሕጉ ባይኖርም ያሳፍረኛል።

ወሬ የሚያነሳ ሰው አንድ አዋጅ ይወቅ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። 5,000 ፎሎወር ደግሞ ዛሬ የሰፈር ልጅም አለው።

ኤዲቱ በስልክ ያልቃል፤ አብዛኛው ሰው ካፕከት የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ይጠቀማል። በፊደል ጽሑፍ ማስገባት ግን ያናድዳል፣ ብዙዎቹ ያማሩ ፎንቶች አማርኛ ሲያዩ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጫን ይፈታዋል። ጽሑፍ መጨመር ደግሞ ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያየውን ሁሉ ይይዛል። ቪዲዮው ገጹ ላይ ሲጫን ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያልቃል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ሁለት ሲም ይዞ የተሻለውን መምረጥ ተለምዷል። መዘጋትም አለ፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ቪዲዮዎቹን ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታም ማስቀመጥ ከዚያ ጊዜ የተረፈ ልማድ ነው።

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጀማሪው ካሰበው አቅጣጫ አይደለም። ቲክቶክ ለእይታ የሚከፍልባቸው አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። የታወቀው መንገድ ላይቭ፣ ማለትም የቀጥታ ስርጭት ነው። ባትል (ከሌላ ሰው ጋር በቀጥታ መፎካከር) ገብቶ ከተመልካች የሥዕል ስጦታ መቀበል፤ ጽጌረዳዋ 1 ኮይን (የቲክቶክ ሳንቲም)፣ አንበሳው 29,999። አንበሳ የሚልከው ብዙውን ጊዜ ዲያስፖራ ነው፣ ላይቩም ለእሱ በሚመች ሰዓት፣ እዚህ ሌሊት ሲሆን ይካሄዳል። ለመሀል ከተማ ሰው የተሻለው ቀስ ብሎ የሚያድገው ማስታወቂያ ነው፦ ምግብ ቤቱ፣ ልብስ ቤቱ፣ ውበት ሳሎኑ በቴሌብር ይከፍላሉ። ሰው ቪዲዮ ሠርቶ ሲጨርስ ግን ክፍያው «ነገ» ይባላል፤ ግማሹን ቅድሚያ መቀበል ነው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የዲጂታል ይዘት ገቢንም ስለሚያካትት ደረሰኝና ውል ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ዩቲዩብ ላይ ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (አጭር ቪዲዮ) እይታ ይጠየቃል። የተመዘገቡበት አገርም ፕሮግራሙ የሚሠራበት መሆን አለበት። ለዚህ ብለው ውጭ ባለ ዘመድ ስም የሚከፍቱ አሉ፤ ዘመድ ሲኳረፍ ቻናሉም አብሮ ይሄዳል። አድሴንስ የሚባለው የጉግል መክፈያ ሂሳብ በአገር ውስጥ አድራሻ ከተከፈተና 10 ዶላር ሲደርስ ደግሞ ጉግል አድራሻ ለማረጋገጥ ፒን ቁጥር በወረቀት ፖስታ ይልካል። እዚህ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። የቤተሰቡ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ የት እንዳለ ያን ጊዜ ይፈለጋል፣ አባት መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፣ ልጁም ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ገብቶ ሳጥን ይከፍታል።