ለበጎ ሥራ በዊልቸር ረጅም ጉዞ፦ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር

አንድ ሰው «ከዚህ እስከዚያ በክንዴ ገፍቼ እደርሳለሁ፤ እናንተ ለዚህ ዓላማ አዋጡ» ይላል። ለጋሹ በየኪሎ ሜትሩ ሒሳብ ቃል ይገባል፣ ወይም የቻለውን በአንዴ ይሰጣል። ርቀቱ ማራቶን፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሊሆን ይችላል። ወራት የሚፈጅም አለ።

በውድድር በሩን ያስከፈተው አሜሪካዊው ቦብ ሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የቦስተን ማራቶን ኃላፊ ከ3 ሰዓት በታች ከገባ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ሆል በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ። በገንዘብ ማሰባሰቡ ደግሞ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ካናዳዊው ሪክ ሃንሰን ነው። በ15 ዓመቱ በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳው ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ከቫንኩቨር ተነሳ። በ26 ወር 34 አገሮችን አዳርሶ ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ገፋ። 26 ሚሊዮን የካናዳ ዶላርም ተሰበሰበ። አብዛኛው ገንዘብ የገባው ግን ሃንሰን የራሱን አገር ከረገጠ በኋላ ነው። ሰው ለሚያውቀው ይሰጣል። የጎጃም ልጅ በጎጃም ቢጀምር የምለውም ለዚህ ነው።

መንገዱም ይመቻል። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ከተሞቹ ስለሚቀራረቡ ማደሪያ አይቸግርም፤ በየደረሱበትም ሕዝብ አለ።

የዓባይን በረሃ ግን ባይነኩት ይሻላል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ መዳፍ ነው። የመግፊያውን ቀለበት እየጨበጡ ሲይዙት ጓንት ይግላል፣ ቆዳ ይላጣል። ዳገቱ ላይ ደግሞ እጅ ለቀጣዩ ግፊት ቀለበቱን ሲለቅ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ግፊቱ አጭር አጭርና የማያቋርጥ ይሆናል፤ ትከሻ የሚጎዳው እዚህ ነው። ኋላ ከባድ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ወንበሩን መኪና ላይ ጭኖ ደጀን ላይ መጀመር ማንንም አያሳፍርም።

ሙቀቱም ተራ ነገር አይደለም። አከርካሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ በደንብ አያልበውም፤ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ረፋዱ ላይ ማረፍና ውኃ እየረጩ መሄድ ግድ ነው። ስሜት የሌለው መቀመጫም ሳይታወቅ ይቆስላል። በየ15 ወይም 30 ደቂቃው በክንድ ተደግፎ መነሳት ያስፈልጋል፤ ቁስሉ ከያዘ ለወራት አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል።

ብዙ አዘጋጆች የሚዘነጉት ሽንት ቤትን ነው። ደረጃ ያለውና በሩ የጠበበ ሽንት ቤት ዊልቸር አያስገባም። ተጓዡ ታዲያ ውኃ መጠጣት ይቀንሳል፤ ይህ በዚያ ፀሐይ ላይ ለኩላሊትም ለሽንት ቧንቧም አደገኛ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና ሽንት ቤት እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ሆቴሉን ቀድሞ ሄዶ በሜትር ለክቶ መያዝ የዝግጅቱ ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ሆስፒታል ውስጥ የምናየው ታጣፊ ዊልቸር ለዚህ አይሆንም። የፊት ጎማው ትንሽ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ይሰነቀራል። ለውድድር የሚሠራው ባለሦስት ጎማ ፈጣን ነው፤ ግን ጥሩ አስፋልት ይፈልጋል። ለእኛ መንገድ በእጅ ፔዳል የሚዘወረው ባለሦስት ጎማ ይሻላል። ጎማው የብስክሌት ልክ ከሆነ ካላማዳሪውም ራጂውም በየከተማው ይገኛል፤ በተለይ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ስንቅ ደግሞ አገር ቤት ሞልቷል፤ በማር የተበጠበጠ በሶ ለረጅም መንገድ የሚያህለው የለም።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር ከዚያ ጋር ቢገጥም ደግሞ ሕዝቡ እዚያው ነው። የመንገዱ ሰላም አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞውን ትቶ ባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳና ላይ ዙር እየቆጠሩ ከንጋት እስከ ምሽት መግፋትም ሙሉ ፈተና ነው።

ገንዘቡ በአገራችን ልማድ ሊሰበሰብ ይችላል። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መንገድ ዳር ጥላ ዘቅዝቆ መለመን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ዕድሮችም አሉ። ከእነዚህ ጎን ጉዞውን በሚያዘጋጀው ማኅበር ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና ቴሌብር ይኑር፤ በግለሰብ ስም ፈጽሞ መሆን የለበትም። ነዳጅና ማደሪያ ከለጋሾች ብር ላይ አይነሳ፤ ለእሱ ለብቻው ደጋፊ ይፈለግ። ቅስቀሳውም ከንፈር የሚያስመጥጥ ፎቶ አያስፈልገውም። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ እዚህ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ፖስተሩ ላይ ስሙ፣ ርቀቱና ገንዘቡ የሚውልበት ሥራ ይጻፍ፦ ስንት ዊልቸር፣ ስንት የዊልቸር መቀመጫ ትራስ፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት የዊልቸር መወጣጫ። ከየከተማው የተሰበሰበው ደግሞ እዚያው ከተማ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ተቆጥሮ በድምፅ ማጉያ ይነገር።