ሞቲቬሽን ምንድን ነው? ወናፉን ከእሳቱ ለምታስቀድሙ

"ሞቲቬሽኔ ጠፋ" የምትለዋን ነገር ሰሞኑን ስንቴ እንደሰማኋት ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ሰውየው ክብደት ለመቀነስ ብሎ የትንፋሽ ልምምድ ፕሮግራም ይጀምራል፣ ጠዋት 10 ደቂቃ ማታ 10 ደቂቃ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚያቆመው የለም፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ይዘላል፣ ከዛ ሁለት ቀን፣ ከዛ አፑን ራሱ ከስልኩ ያጠፋዋል፣ መጨረሻ ላይ "እኔ እኮ ድሮም ሰነፍ ነኝ" ብሎ ራሱን ይሰድባል። ይሄ ያንስ ይመስል ደግሞ አንድ መካሪ ከጎን ብቅ ይልና "ሞቲቬሽን ማለት ነዳጅ ነው ወዳጄ፣ ጠዋት ጠዋት ካልሞላኸው መኪናው አይነሳም" ብሎ ይሰብክለታል። እኔ ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው።

ሳይኮሎጂስት አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ስራዬ ሳንባቸው የደከመባቸውን ሰዎች አተነፋፈስ ማለማመድ ነው፣ ስለዚህ ለዓመታት ስመለከት የኖርኩት ሰዎች የትንፋሽ ልምምድ ሲጀምሩና ሲተዉ ነው፣ በብዛት ሲተዉ። በሆድ ነው በደረት፣ በአፍንጫ ነው በአፍ፣ ስንት ሰከንድ ይያዛል ምናምን የሚለው ውስጥ አልገባም፣ እሱን የሚያስተምር ሞልቷል። የኔ ብስጭት ሌላ ነው። "ብዙ ከተነፈስኩ ስብ ይቃጠላል" የሚለውና "ሞቲቬሽን ሲኖረኝ እሰራለሁ" የሚለው ሁለት ስህተት ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሁለቱም ተከታዩን ከፊት አስቀድመው መሪውን ከኋላ ያስከትሉታል።

ወናፍ ታውቁ የለ፣ አንጥረኛ ብረት ሲያግል ከሰሉን የሚያናፋበት። ሲያናፋ ፍሙ ይቀላል፣ ሲተው ይደበዝዛል። ሰው ሁሉ ሰውነቱን እንደዛ ነው የሚያስበው፣ ሳንባ ወናፍ ስብ ከሰል፣ ስለዚህ ደህና አድርገህ ካናፋህ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል። ሲሰሙት ያሳምናል፣ ችግሩ ሰውነት ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፣ እዚህ ቤት እሳቱ ነው ወናፉን የሚያዘው። ጡንቻ ስራ ሲበዛበት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ያመርታል፣ የአንጎል ግንድ ደግሞ ከጡንቻውም ከደሙም ወሬውን እየሰማ ትንፋሹን ያፈጥነዋል። ቁጭ ብላችሁ ወናፉን ብቻ ብታናፉት ግን እሳቱ አይሰማችሁም። ቁጭ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን ወደ 250 ሚሊ ሊትር ነው፣ ጤነኛ ከሆነ ደሙ ያለ ምንም ልምምድ ከመቶ ከ95 በላይ በኦክስጅን ተሞልቷል፣ ከምናስወጣው አየር ውስጥ ራሱ 16 ከመቶ የሚሆነው ሳንጠቀምበት የመለስነው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ እኮ አላጠረም፣ የጠፋው ፈላጊ ነው።

"ታዲያ ስብ በትንፋሽ ነው የሚወጣው ተብሎ የለ?" የሚል አይጠፋም፣ አንዱ እንደውም በቁጣ ነው የጠየቀኝ። አዎ ተብሏል፣ እውነትም ነው። በ2014 ሩበን ሚርማንና አንድሪው ብራውን የሚባሉ አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ስሌቱን ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አወጡት፣ 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፣ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። እሺ፣ ጭሱ በጭስ ማውጫ ይወጣል ማለት ግን ጭስ ማውጫውን ስለጠረግን እንጨቱ ይነዳል ማለት ነው እንዴ? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሰውነት ከሚፈልገው በላይ መተንፈስ ክብደት እንደማይቀንስ፣ ትርፉ ራስ ማዞር እንደሆነ ተናግረዋል፣ እሷን ግን ሼር የሚያደርጋት የለም።

ራስ ማዞሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከሚገባው በላይ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሱ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከደም ውስጥ ተጠርጎ ይወጣል፣ እሱ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ስሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። እና ይሄንን "ሰውነትህ ስብ ማቅለጥ ሲጀምር የሚሰማህ ስሜት ነው" ብሎ የሚያስተምር ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወገኖቼ፣ ስብ ሲቀልጥ አይነዝርም። እኔ ጋ በፍርሃት ትንፋሽ እያጠራቸው የሚመጡ ሰዎች በትክክል ያንኑ ነው የሚነግሩኝ፣ እነሱ ግን ገንዘብ ከፍለው አልተማሩትም።

ለማንኛውም ሂሳቡን አንዴ እንስራው፣ በልግስና ነው የምሰራው። ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ወደ 1 ካሎሪ ያቃጥላል እንበል፣ በ20 ደቂቃ 20። ጤነኛ ሰው ላይ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ድርሻ ከዚህ ከመቶ 5 እንኳን አይሞላም፣ እኛ ግን 5 እንስጠው፣ 1 ካሎሪ ሆነ። በልምምዱ ሦስት እጥፍ አሰራነው እንበል፣ የጨመርነው 2 ካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ለ2 ስታካፍሉት 3,850 ቀን፣ አንድም ቀን ሳይዘለል ከ10 ዓመት በላይ ለአንድ ኪሎ። በሦስተኛው ሳምንት የተወውን ሰው እስቲ አሁን ሰነፍ በሉት!

አሁን ወደ ሞቲቬሽን ልመለስ፣ ወናፉን ይዤው ነው የምመለሰው። ሞቲቬሽን ቢያንስ እኔ ከማየው ተነስቼ ስናገር ነዳጅ አይደለም፣ እሱም እንደ ትንፋሽ የሚከተል ነገር ነው። አንድ ነገር ስትሰሩ ውስጣችሁ ያለው ሒሳብ ያዥ "ምን ቃል ተገባልኝ፣ ምን አገኘሁ" እያለ ያመሳክራል፣ የተባለው ሲመጣ ነገ ለመነሳት ፍላጎት አለ፣ ሳይመጣ ሲቀር ፍላጎቱ ይወርዳል። እሳት ሲኖር ወናፉ ይነፋል፣ እሳት ከሌለ አይነፋም። እንግዲህ ፕሮግራሙ ቃል የገባው ኪሎ ነው፣ ሚዛኑ ላይ ኪሎ አልመጣም፣ ሞቲቬሽኑ ወረደ። ምኑ ነው የተበላሸው? ምንም! ሰውየው ውስጥ ያለው ቆጣሪ በትክክል ነው የቆጠረው፣ የተበላሸው የተገባው ቃል ነው። ያ መካሪ ግን መጥቶ ቆጣሪውን ይደበድባል፣ የሚያነቃቃ ቪዲዮ እይ፣ ግድግዳ ላይ ጥቅስ ለጥፍ፣ ለራስህ ጩህ እያለ አመድ ላይ ያናፋል። አመድ ላይ ሲናፋ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል፣ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሚዛኑ መጀመሪያ ላይ ማታለሉ ነው። ፕሮግራሙን የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዛው ሰሞን ምግቡንም ቀነስ ያደርጋል፣ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ግላይኮጅን የሚባለው ስኳር ሲቀንስ ደግሞ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሁለት ኪሎ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው "ትንፋሹ ሰራ!" ይላል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጨው የበዛበት ነገር ይበላል፣ ኪሎዋ ተመልሳ ትመጣለች፣ ያኔ "ትንፋሹ አልሰራም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ይላል። ሁለቱም ጊዜ ትንፋሹ የለበትም፣ ውሃ ነው የመጣው የሄደው።

በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የሚባል ሳይኮሎጂስት ተማሪዎችን እንቆቅልሽ ያሰራ ነበር፣ ግማሾቹን እየከፈለ ግማሾቹን በነጻ። ክፍያው ሲቆምና በእረፍት ሰዓት ብቻቸውን ሲቀሩ የተከፈላቸው ልጆች እንቆቅልሹን የነኩት ካልተከፈላቸው ባነሰ ነው። ከዚህ ተነስቶ ትልቅ ነገር የገነባ ሰው ነው፣ እኔ ግን የምፈልገው ትንሿን ነው፣ ሚዛን ክፍያ ነው። 10 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ መተንፈስ በራሱ ደስ የሚል ነገር ሆኖ ሳለ በየቀኑ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥታችሁ ደሞዝ ከጠበቃችሁበት፣ ደሞዙ የቀረ ቀን ስራውም ይቀራል።

እና ምን ይደረግ? እሳቱ ያለበት ቦታ መፈለግ ነዋ። ቀስ ያለ ትንፋሽ፣ በደቂቃ 6 አካባቢ፣ አየር ስታስወጡ ረዘም አድርጋችሁ፣ የሚሰጠው ነገር አለ፣ እሱም እዛው ወንበሩ ላይ እያላችሁ የሚመጣ ነው። ልብ አየር ስናስገባ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትዘገያለች፣ ይሄንን እጃችሁን የልብ ምት ላይ አድርጋችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይረጋጋል፣ አንዳንዱ እንቅልፍ በቀላሉ ይወስደዋል። ክብደት ላይ ያለው ድርሻም በዚህ በጎን በር የሚገባው ነው፣ ሳይርበው በጭንቀት የሚበላ ሰው ከመብላቱ በፊት 3 ደቂቃ ቢተነፍስና "ርቦኝ ነው ወይስ ተናድጄ" ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ቢያገኝ፣ በደንብ ቢተኛ፣ በማግስቱ ለመራመድ አቅም ቢኖረው፣ ያኔ ከሰሉን የሚነካው ምግቡና እንቅስቃሴው ነው፣ ትንፋሹ በር ከፋች ነው። በር ከፋችን ደግሞ "ስንት ኪሎ ተሸከምክ" ብለን አንጠይቀውም።

አንዲት ሴትዮ አስታውሳለሁ፣ ሦስቴ ጀምራ ሦስቴ ትታው ነው እኔ ጋ የመጣችው፣ ደብተሯ ላይ የኪሎ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ 81.2፣ 80.9፣ 81.4 እያለ። ኪሎውን በወር አንዴ አድርጊው፣ በየቀኑ ግን አንድ ነገር ብቻ ጻፊ አልኳት፣ ዛሬ ሳይርበኝ በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም። በአራተኛው ጊዜ አልተወችውም። ሞቲቬሽን አግኝታ መሰላችሁ? ደብተሯ ላይ እውነተኛ መልስ መምጣት ስለጀመረ ነው። (ኪሎዋስ? ቀነሰች፣ ግን ደረጃ በእግሯ መውጣትም ጀምራ ስለነበር ለትንፋሹ አልሰጠውም፣ እሷ ብትሰጠውም።)

21 ቀን ከታገስክ ልማድ ይሆናል የሚሉትንም ተዉአቸው፣ እሱ በ1960 ማክስዌል ማልትዝ የሚባል የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይወስድባቸዋል ብሎ ከጻፈው ተጎትቶ የመጣ ነው፣ አፍንጫ ከመልመድ ወደ ልምምድ እንዴት እንደተሻገረ እንጃ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ ያዩትና በ2010 የወጣው ጥናት አማካዩን 66 ቀን ነው ያገኘው፣ ከ18 እስከ 254 ቀን የሚሄድ ልዩነት ያለው። ከሁሉ ደስ የሚለኝ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላበላሸው ማየታቸው ነው። ስለዚህ ለዘለላችሁት ቀን ለቅሶ አትቀመጡ። ልምምዱን ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት፣ ጥርስ ከቦረሽኩ በኋላ፣ ጫማ ካወለቅኩ በኋላ፣ አጭር አድርጉት፣ 3 ደቂቃ ይበቃል፣ "ደስ ሲለኝ" የምትለዋን ሰዓት ብቻ አትምረጡ፣ እሷ ሰዓት የላትም።

"ታዲያ ሞቲቬሽን አያስፈልግም እያልክ ነው?" ያ መካሪ ይሄን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ለመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል፣ እሳት ሲለኮስም እኮ እፍ ይባላል። ከዛ በኋላ ግን እንጨት ነው የሚያስፈልገው፣ እፍ ሲል የሚውል ሰው ራሱ ይደክማል።

አንድ ሁለት ነገር ማንም ሳይጠይቀኝ ልጨምር፣ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። አስም፣ የቆየ የሳንባ ወይም የልብ ህመም ያለባችሁ፣ እርጉዞች፣ ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት የሚያጠቃችሁ፣ ትንፋሽ የሚያዝበትንና በፍጥነት የሚተነፈስበትን ዓይነት ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትሞክሩት። ቀላል ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነና እየባሰ ከሄደ ልምምድ አያስፈልጋችሁም፣ ምርመራ ነው። ሳትሞክሩ ኪሎ እየቀነሰ ከሆነም እንደዛው፣ ትንፋሹ ሰራልኝ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፈሰውን ደግሞ መኪና እየነዳችሁ ወይም ከመዋኘታችሁ በፊት በጭራሽ እንዳታደርጉት፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ሲወርድ "ተንፍስ" የሚለው ደወል ይዘገያል፣ ውሃ ስር ሆናችሁ ደወሉ ሳይደውል ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ።