«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እና የሌቭል ቆጠራ

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቅኖ የሚጫወተውን የተኩስ ጌም ያሳየኛል፣ ሌቭል 40 ደርሷል፣ መሳሪያው ወርቅ ተቀብቷል፣ «ይሄ እኮ ተኩስ ብቻ እንዳይመስልህ፣ አርፒጂ ነው፣ ስጀምር አንድ ሽጉጥ ነበር ያለኝ፣ ያው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎኝ እርፍ። የጌሙን ነገር ዝም ብዬ ባልፈው እችል ነበር፣ አባባሉን ግን አልቻልኩም። አርፒጂ ማለት ሮል ፕሌዪንግ ጌም ነው፣ የአንድን ሰው ሚና ይዘህ የምትጫወተው ጨዋታ። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ ሌቭል ስላለው ብቻ ጌሙን አርፒጂ ማለቱም፣ ቁጥር ስለጨመረ ብቻ እንቁላሉን መጥራቱም ያው አንድ ስህተት ናቸው።

እስቲ አስቡት፣ እንቁላል አያድግም እኮ። ሰዉ ግን አባባሉን ለሚጨምር ነገር ሁሉ ነው የሚመዘው፣ ለቁጠባ፣ ለጡንቻ፣ ለፎሎወር፣ ለሌቭል። 1 እንቁላል የነበረህ ሰውዬ 40 እንቁላል ቢኖርህ የትኛው ነው በእግሩ የሄደው? 40ውም ቁጭ ብለዋል።

ይሄን አባባል ያወጣው ሰው ዶሮ ሲታቀፍ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው። እኔም ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ አይቻለሁ። ዶሮዋ መታቀፍ ሲያምራት ታስታውቃለች፣ ላባዋን ትነፋለች፣ ድምጿ ይጎረንናል፣ እጅህን ስታስገባ ትነክስሃለች (ዶሮ ትነክሳለች ወይ የሚል ካለ ታቅፋ ሳለ ይሞክራት)። አያቴ በጭድ የተሞላ አሮጌ ቅርጫት ጨለም ያለ ጥግ ላይ ታደርግላትና እያንዳንዱ እንቁላል ላይ በከሰል ምልክት ታደርጋለች፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ዶሮዎች እዛው መጥተው አዲስ ይጥሉና ይቀላቀላል፣ ምልክት የሌለውን በኋላ ለቅማ ታወጣለች። ከዛ 21 ቀን ነው። ዶሮዋ በቀን ለትንሽ ጊዜ ብቻ ወርዳ ጥሬዋን ለቅማ ውሃዋን ጠጥታ ትመለሳለች፣ በቀን ውስጥ ደጋግማ እንቁላሎቹን በመንቁሯ ታገላብጣለች፣ ያኔ ከሰሉ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሲሆን አያለሁ። እኔ ታዲያ በየጠዋቱ ሰርቄ አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ስር እነቀንቀዋለሁ፣ ከበድ ብሎ እንደሆነ በእጄ እመዝነዋለሁ። አይከብድም! ያኔ ምክንያቱን አላውቅም ነበር፣ ለካ እንቁላሉ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውሃ እያስተነፈሰ እስኪፈለፈል ድረስ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል። ልብ በሉ፣ ወደ ጫጩትነት በተጠጋ ቁጥር ይቀላል። ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው።

በመጨረሻው ቀን ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች፣ ከዛ ዝም፣ ሰዓታት። አላስችል ብሎኝ ቅርፊቱን ልልጥለት ስል አያቴ እጄን መታ አድርጋ «ተው አንተ ልጅ፣ ራሱ ይውጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ሽፋን የደም ስሮቹ ገና አልደረቁም፣ ቀድመህ ከላጥክለት ይደማል። በራሱ ከወጣ ግን እርጥብ ላባው እንደደረቀ በዛው ቀን ተነስቶ እናቱን ተከትሎ ይሄዳል። የእርግብ ልጅ እንደዛ አይደለችም፣ ስትወጣ አይኗ እንኳን አልተገለጠም፣ ጎጆዋ ውስጥ ነው ተቀምጣ የምትቀለበው። ስለዚህ «በእግሩ» የምትለዋ ቃል ለማሳመር የገባች አይደለችም፣ የዶሮ ሰው ነው ያስገባት።

አሁን ወደ ራሴ ቲዎሪ ልግባ፣ ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ። አባባሉ «ጫጩት በእግሩ ይሄዳል» አይልም፣ እንቁላል ነው የሚለው። ለምን? እኔ መጀመሪያ እንቆቅልሽ ነበር ባይ ነኝ። እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ፣ ሳስቀምጠው እግር አልነበረው ስመለስ በእግሩ ሄደ፣ ዓይነት ነገር። ከዛ አንዷ አያት እንደ እኔ እንቁላል የሚነቀንቅ ልጅ ሲያስመርራት መልሱን ወስዳ ተግሳጽ አደረገችው፣ ይኸው ነው። የከሰል ምልክቱም ያግዘኛል፣ ምልክት ያደረግክበት ያ እንቁላል ራሱ ነው ዛሬ እየተራመደ ያለው፣ ሌላ ሆኗል ግን ያው እሱ ነው። ዋናው ነገር እንግዲህ ይሄ ነው፣ አንድ ነገር ራሱን ሳይለቅ ሌላ ሆኖ መገኘቱ።

አርፒጂ ማለትም ለእኔ በቃ ይሄ ነው። ስሙ ራሱ ሮል ነው የሚለው፣ ሚና፣ ቁጥር አይልም። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱትን የመጀመሪያ አርፒጂ ሲያወጡ ከዛ በፊት የነበረው በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው፣ አንድ ተጫዋች ሰራዊት ያዛል። እነሱ ሰራዊቱን ወደ አንድ ሰው አወረዱት፣ ስም ያለው፣ የሚፈራ፣ የሚዋሽ፣ የሚሞት። ሌቭሉም ኤክስፒውም (ሌቭል የሚያስወጣህ ነጥብ) ዳይሱም የሚያገለግለው ጨዋታውን የሚመራው ሰው «ይሄ ሰውዬ ይሄን ገደል መዝለል ይችላል ወይ» ለሚለው ጥያቄ ሳያዳላ እንዲፈርድ ነው። ጭዱ ማለት ነው እንግዲህ፣ ያለ ጭድ አይሆንም፣ ግን ጭድ ነው።

ከዛ ኮምፒውተር መጣ። ኮምፒውተር ደግሞ ያኔ የሚችለው መቁጠር ነው፣ ተጫዋቹ ያሰበውን ሰምቶ መፍረድ አይችልም፣ ስለዚህ በ1981 የወጡት ዊዛርድሪና አልቲማ የሚባሉ የኮምፒውተር ጌሞች ከጠረጴዛው ጨዋታ በብዛት ይዘው የመጡት የሚቆጠረውን ነው፣ በ1986 ደግሞ ድራጎን ክዌስት የሚባለው የጃፓን ጌም ያንኑ ለቤት ጌም ማሽን አቀለለው። ከዛ ወዲህ የመጣ ልጅ ጭዱን እያየ ጫጩት ነው ቢል ብዙም አልፈርድበትም።

ግን ቁጥር ብቻውን ምን እንደሚያደርግ እዩ። በ1988 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 2 የሚባል አርፒጂ ላይ ጤናህ የሚጨምረው በተመታህ ልክ ነው፣ ተጫዋቹ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የራሱን ጓደኞች መደብደብ ጀመረ! ዓለምን ሊያድኑ የወጡ ልጆች ቆመው እርስ በርስ ይጠዛጠዛሉ፣ ቁጥሩ ያድጋላ። በ2007 ደግሞ ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 የሚባለው የተኩስ ጌም ከአርፒጂ ሌቭሉን ወስዶ ተኩስ ውስጥ ከተተው፣ እስከ 55። 55 ስትደርስ ከፈለግክ ወደ 1 ተመልሰህ መሳሪያህ ሁሉ ተቆልፎብህ በምትኩ አዲስ ባጅ ትለጥፋለህ። ጫጩቱ ሊወጣ ሲል እንቁላሉን አንስቶ ሌላ እንደማሳቀፍ ነው።

እዚህ ላይ አንዱ «ድራጎን ክዌስት 3ም እኮ ወደ 1 ይመልሳል» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ እንደውም የምወደው ምሳሌ እሱ ነው። እዛ ጌም ላይ ሌቭል 20 የደረሰ ካራክተር (ተጫዋቹ የሚመራው ሰው) ሙያ መቀየር ይችላል፣ ሲቀይር ወደ ሌቭል 1 ይወርዳል፣ ጉልበቱ ምናምኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ የተማረው አስማት ግን አብሮት ይቀራል። ጠንቋይ የነበረው ተዋጊ ይሆንና ሰይፍ ይዞ እሳት የሚወረውር ሰው ይወጣል። እዚህም እዛም ቁጥሩ ወረደ፣ እዚህኛው ግን በእግሩ ሄደ። እንቁላሉ ሲቀልል ማለት ይቺ ናት።

ማሪዮን ስጫወትስ የማሪዮ ሚና ይዤ አይደል ወይ የሚሉ አሉ። ማሪዮ መጨረሻ ላይም የጀመርከው ማሪዮ ነው ወንድሜ። አርፒጂ ላይ ግን የሆንከውን ነገር ዓለሙ ሊያይልህ ይገባል። ፎልአውት በሚባለው የ1997 ጌም የካራክተርህን የማሰብ ችሎታ ዝቅ አድርገህ ብትጀምር ሰው ስታናግር አፍህ የሚያወጣው ማጉረምረም ብቻ ነው፣ ሰዉም እንደዛው ያስተናግድሃል፣ ሌላው ተጫዋች በወሬ የከፈተው በር አንተ ላይ ተዘግቶ ይቀራል። ቁጥር እንዲህ ሲናገር ደስ ይላል። አንደርቴል የሚባለው አርፒጂ (2015) ጭራሽ ማንንም ሳትገድል ሌቭል 1 ላይ እንዳለህ እንድትጨርሰው ይፈቅዳል፣ ሌቭል ማውጣቱን እንደ ነውር ነው የሚቆጥርብህ። በሌቭል ቆጠራ ከሄድን እንግዲህ እሱ አርፒጂ ሊሆን አይችልም፣ የተኩሱ ግን ይሆናል ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

እና እባካችሁ ለጨመረ ነገር ሁሉ እንቁላሉን አታስነሱት። ጨመረ በሉ፣ በቂ ነው። ጭራሽ አሁን አሁን ለማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ማስታገሻ ሆኗል፣ ማንም አልታቀፈውም፣ ማንም አላገላበጠውም፣ «ቀስ በቀስ ነው» ይባላል። ዶሮ ያልታቀፈችው እንቁላል ቀስ በቀስ ይገማል እንጂ አይሄድም።

የአክስቴን ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፣ ይሄ ሌቭል 40 ያደረስከው ወታደር ስሙ ማነው? ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ ትንሽ ሲፈልግ ቆየና «የምን ስም?» አለኝ፣ ቀጥሎ «ቆይ ማች ጀምሯል» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።