የኢኮኖሚ ጥቃት ምንድን ነው?

የደመወዟ ኤቲኤም ካርድ በባሏ ኪስ ነው። የቴሌብር ምስጢር ቁጥሯን ያውቃል። የአስቤዛ ብር በየቀኑ ቆጥሮ ይሰጣትና ማታ የሽንኩርቱን ዋጋ ሳይቀር ይመረምራታል። ሥራ ልጀምር ስትል «እኔ እያለሁ ምን ጎደለሽ?» ይላታል፤ ከጀመረችም መሥሪያ ቤቷ ድረስ እየሄደ ይረብሻል። እጁን ባያነሳባትም ይህ ጥቃት ነው፦ ገንዘብን፣ ንብረትንና ሥራን ይዞ የትዳር ጓደኛን ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ እንዳትችል ማድረግ።

ተመካክረው ወጪ የሚቀንሱ ባልና ሚስት ቆጣቢዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው እሷም በተራዋ «ብሩን የት አደረስከው?» ብላ ያለ ፍርሃት መጠየቅ መቻሏ ላይ ነው።

ከኢኮኖሚ ጥቃት ጋር ብዙ ጊዜ ዱላም አለ። «ለምን ጥላው አትወጣም?» የሚል ሰው የታክሲ እንኳ እንደሌላት አያስብም። ሽማግሌዎችም ዳግመኛ እንዳይመታት ያስምሉታል እንጂ ካርዱን እንዲመልስላት አይጠይቁም፤ እንዲህ ያለ ዕርቅ ሥሩን አልነካም።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) በትዳር ውስጥ በግል ጥረት የተገኘን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው። ስለዚህ «ካርታው በስሜ ነው» የሚለው ማስፈራሪያ ብቻውን አያዋጣም። የጋራ ቤትን ያለ ሚስት ስምምነት መሸጥም ሆነ ማስያዝ አይቻልም። ከሸጠው፣ ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ሽማግሌ ሲመላለስ ይህ ጊዜ እንዳያልፍባት!

የጋብቻውን ምስክር ወረቀት፣ የቤቱን ካርታ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የባንክ ደብተሩን ፎቶ ታንሳ። ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነ ፎቶዎቹን ለምታምናት ሰው ልካ ከራሷ ስልክ ታጥፋቸው። አዲስ የባንክ ሒሳብ ስትከፍት መልእክቱ እሱ በሚያየው ስልክ እንዳይገባ ለባንኩ አስቀድማ ትንገር። ለመለየት ከወሰነች ዛቻ አድርጋ አትንገረው፤ ጥቃት በጣም የሚከፋው ሴቲቱ ልትሄድ መሆኗን ሲያውቅ ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ታነጋግር፤ የሕግ ምክሩ በነፃ ነው።