የኢንተርፌይዝ ሚኒስተር ምንድን ነው?

«ሚኒስተር» ሲባል አማርኛ አንባቢ ቶሎ የሚታየው የመንግሥት ባለሥልጣንና ጥቁር መኪናው ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ የሃይማኖት አገልጋይንም ስለሚያመለክት፣ «ኢንተርፌይዝ ሚኒስተር» (ኢንተርፌይዝ ማለት በእምነቶች መካከል ያለ ማለት ነው) የሚባለው የተለያየ እምነት ያላቸውን፣ እንዲሁም በየትኛውም ቤተ እምነት ያልተመዘገቡ ሰዎችን በጋብቻ፣ በሕመምና በሐዘን ጊዜ ለማገልገል ሠልጥኖ የተሾመ ሰው ነው። እኔ ከዚህ በኋላ «የኢንተርፌይዝ አገልጋይ» እለዋለሁ። በአገራችን የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከሚቀመጡት አባቶች ጋርም ሊምታታ አይገባም፤ እነርሱ እያንዳንዳቸው የየቤተ እምነታቸው ተወካይ ሲሆኑ፣ የኢንተርፌይዝ አገልጋይ ግን የማንም ሃይማኖት ወኪል ሆኖ አይናገርም።

አገልግሎቱ ራሱን የቻለ ሥልጠና እንዲኖረው ካደረጉት ተቋማት ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1979 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ዘ ኒው ሴሚናሪ ነው፤ ሴሚናሪ ማለት የሃይማኖት አገልጋዮች ማሠልጠኛ ነው። መሥራቹ ረቢ ጆሴፍ ጌልበርማን በሃንጋሪ ሐሲዲም ከሚባለው ጥብቅ የአይሁድ ወገን ተወልደው በ1939 ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሲሆን፣ ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው በናዚዎች እልቂት አልቀዋል። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው በሩን ዘግቶ ከወገኑ ጋር ብቻ ቢኖር ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሳቸው ግን ከካቶሊክና ከፕሮቴስታንት አገልጋዮች፣ እንዲሁም ከሂንዱው መምህር ከስዋሚ ሳቺዳናንዳ ጋር ሆነው አንድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የትምህርት ቤቱ መርሕ ሌላውን እምነት ማወቅ በራስ እምነት ምትክ ሳይሆን በዚያ ላይ የሚጨመር ነው የሚል ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሃይማኖት ተፈጠረ የሚለው ክስ፣ ቢያንስ በመሥራቹ አሳብ፣ ቦታ የለውም።

ሥልጠናው የተፈለገበት ዋናው ምክንያት ጋብቻ ነበር ብል ብዙም አልተሳሳትሁም። የአሜሪካ ሪፎርም (ለዘብተኛው የአይሁድ እምነት ክፍል) ረቢዎች ጉባኤ በ1973 ባሳለፈው ውሳኔ አባላቱ አይሁዳዊን ከሌላ እምነት ተከታይ ጋር እንዳያጋቡ ተቃውሞውን ገልጾ ነበር፤ ከእነርሱ ይልቅ ወግ የሚያጠብቁት የአይሁድ ኦርቶዶክስና ኮንሰርቫቲቭ ረቢዎችማ ቀድሞውንም አይፈቅዱም። በሁለት እምነት መካከል የተፋቀሩ ብዙ ሰዎች ታዲያ የቀራቸው አማራጭ በማዘጋጃ ቤት መፈራረም፣ ወይም አንዱ የሌላውን ሃይማኖት መቀበል ሆነ።

ወደዚህ አገልግሎት የሚመጡት ሰዎች የሕይወት ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አብዛኞቹም ከሌላ ሙያ በኋላ በጎልማሳነት ዕድሜ የሚገቡ ናቸው። ትዳር ለመያዝ ክህነቱን የተወ የካቶሊክ ቄስ፣ ከገዳም የወጣች መነኩሲት፣ በሞት አፋፍ ያሉ ሕሙማንን ስታስታምም የኖረች ነርስ፣ ከመጠጥ ሱስ ወጥቶ ሌሎችን ለመርዳት የተነሣ ሰው፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አባቱ ሙስሊም እናቱ ክርስቲያን የሆኑ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ሊገናኙ ይችላሉ። የተጠሩበትም ሥራ ብዙ ጊዜ ካለፉበት ሕይወት ጋር ይያያዛል። ነርሷ ወደ ሆስፒታል ትመለሳለች፤ ከሱስ የወጣው ወደ ማገገሚያ ቤትና ወደ እስር ቤት ይሄዳል፤ የሁለት እምነት ልጅ የሆነው ደግሞ የወላጆቹን ጭንቀት ስለሚያውቅ ሠርግ ላይ ያተኩራል።

ሠርጉን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሙሽራው አይሁዳዊ፣ ሙሽራይቱ ሂንዱ ናት እንበል። በአይሁዱ ወግ ሙሽሮቹ ለሠርጉ ከተዘረጋ የጨርቅ ዳስ ሥር ይቆሙና በመጨረሻ ሙሽራው በጨርቅ የተጠቀለለ ብርጭቆ በእግሩ ይሰብራል፤ በሂንዱው ደግሞ በተቀደሰ እሳት ፊት ሰባት እርምጃ ይራመዳሉ። አገልጋዩ ሥራውን የሚጀምረው ከወራት በፊት ከሁለቱ ቤተሰቦች ጋር ተቀምጦ የትኛው ጸሎት በየትኛው ቋንቋ እንደሚባል በመጠየቅ ነው። ከሥነ መለኮቱ ጥያቄ ይልቅ በአዳራሹ ውስጥ እሳት ለማንደድ የሆቴሉን ፈቃድ ማግኘት ሊከብደው ይችላል፤ የጭስ መጠቆሚያው ሃይማኖት አያውቅምና። በሕግ በኩልም አገሩ ይለያል፦ በስኮትላንድ ሕጉ የሚመዘግበው አጋቢውን ስለሆነ የተፈቀደለት የኢንተርፌይዝ አገልጋይ ሕጋዊ ጋብቻ ይፈጽማል፤ በእንግሊዝ ግን ሕጉ በዋናነት ከተመዘገበ ቦታና ከመዝጋቢ ሹም ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሙሽሮቹ ለብቻው መፈራረም ይኖርባቸዋል።

ትልቁ ድክመት የሥልጠናው መመዘኛ ወጥ አለመሆኑ ነው። ሴሚናሪዎቹ ከሥራ ጎን ለጎን ሁለት ዓመት ያህል ሲያስተምሩ፣ በኢንተርኔት ስሙን ሞልቶ በደቂቃዎች የሚሾምም አለ፤ በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ የተመሠረተው ዩኒቨርሳል ላይፍ ቸርች በዚህ የታወቀ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሙሉ ምስክር ወረቀት ያለው ቻፕሊን (የሕሙማን መንፈሳዊ አገልጋይ) ለመሆን ደግሞ ከማስተርስ ደረጃ ትምህርት በላይ አራት ዙር የሕሙማን አገልግሎት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ አንዱ ዙር 400 ሰዓት ስለሆነ በድምሩ 1,600 ሰዓት ይሆናል።

በእኛ በኩል ያለው ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ተክሊልና ቁርባን ያለ ካህን አይፈጸሙም፤ ክህነትም ከሐዋርያት በሢመት የሚወርድ እንጂ በኮርስ የሚገኝ አይደለም። ሙስሊሙም ኒካሁ በሸሪዓው ሥርዓት እንዲታሰር ይፈልጋል። ቅን የሆነ የኢንተርፌይዝ አገልጋይ ይህን ያውቃል፤ የካህኑን ወይም የኢማሙን ቦታም አይሻማም።

በዋሽንግተን አካባቢ ባለ ሆስፒታል አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በጠና ታመው ተኝተዋል እንበል። የኢንተርፌይዝ አገልጋይ የሆነችው ቻፕሊን ገብታ ራሷን ስታስተዋውቅ፣ እናት በአስተርጓሚ «ልጄ፣ ተባረኪ፤ ግን የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» ይሏታል። እርሷም ከልጆቻቸው ስልኩን ተቀብላ ለካህኑ ትደውላለች፤ ነርሶቹ ለአንድ ሰዓት እንዳይገቡ ታስማማለች፤ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ በር ላይ ተቀብላ ታስገባቸውና እርሷ ከውጭ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።