ከቦርሆል ሎግ እስከ አለት ሰርፌስ

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አለቱ የት እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። አለት መስበር አፈር ከመዛቅ በጣም ይወደዳል፤ መጠኑ ሲሳሳት ደግሞ በኮንትራክተሩና በአሠሪው መካከል ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ የቦርሆል (መሬቱን ለመመርመር የሚቆፈር ጠባብ ጉድጓድ) ውጤቶችን እንደ ሲቪል ስሪዲ ባለ የምህንድስና ዲዛይን ሶፍትዌር አስገብቶ የአለቱን የላይኛውን ገጽ (ሰርፌስ) መሥራት የተለመደ ነው።

ሎጉ፣ ማለትም በጉድጓዱ የተገኘው የተጻፈበት መዝገብ፣ የሚነግራችሁ ጥልቀት ነው፣ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ግን ከፍታ። የጉድጓዱ አፍ 2,340.50 ሜትር ላይ ሆኖ አለቱ በ6.20 ሜትር ጥልቀት ከተገኘ የአለቱ ከፍታ 2,334.30 ነው። ይህን ለሁሉም ጉድጓድ በኤክሴል አስልታችሁ ከኖርዚንግና ከኢስቲንግ (ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ከሚለኩት የቦታ ቁጥሮች) ጋር ታስገባላችሁ፣ የአለት ነጥቦቹን ለብቻ ፖይንት ግሩፕ (የነጥቦች ስብስብ) አድርጋችሁ ሰርፌስ ትሠሩበታላችሁ። ኮኦርዲኔቱን ግን አጣሩ። ሰርቬዩ በአዲንዳን (የኢትዮጵያ ካርታዎች በተሠሩበት የቦታ መለኪያ መነሻ) ተሠርቶ ቦርሆሎቹ በደብሊው ጂ ኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ) ከተለኩ ነጥቦቹ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻሉ።

ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘኖች ያያይዛል። መሠረቱ ቦሪስ ዴሎኔ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው የሂሳብ ሐሳብ ነው፤ በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ጫፎች የሚያልፈው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ አይገባም። በሁለት ጉድጓዶች መካከል የምታዩት እንግዲህ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ማንም ቆፍሮ ያየው አይደለም። ክሪጊንግ የሚባለው፣ በነጥቦች መካከል ያለውን ዋጋ የሚገምት፣ ከደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሥራ የተነሳው ዘዴም በሲቪል ስሪዲ አለ። ገጹን ያለሰልሳል እንጂ አዲስ መረጃ አያመጣም።

ዋናው ስህተት የሚፈጠረው አለት ባልነኩ ጉድጓዶች ነው። 15 ሜትር ተቆፍሮ አለት ካልተገኘ፣ የጉድጓዱን ታች እንደ አለት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም! ያ ጉድጓድ የሚናገረው አለቱ ከዚያ በታች መሆኑን ብቻ ነው። እንደ መቆጣጠሪያ ያዙት፦ ሰርፌሱ ከጉድጓዱ ታች በላይ ካለፈ ሞዴሉ ተሳስቷል።

የአዲስ አበባ መሬት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ባዛልቱ ሲበሰብስ ትልልቅ ክብ ድንጋዮች በጭቃው ውስጥ ይቀራሉ፤ የአፈሩን ጥንካሬ ለመለካት ዘንግ ወደ ታች የሚመታው መዶሻ አንዱ ላይ ሲደርስ ዘንጉ ሳይገባ 50 ምት ይሞላና «አለት» ተብሎ ይጻፋል። ጥቂት ሜትር ኮር (ከጉድጓዱ ተቆርጦ የሚወጣ የድንጋይ ናሙና) ወጥቶ ካልታየ አትመኑት። በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል የቆየ አፈር የሚገኝበት ጊዜም አለ። አንድ ሰርፌስ በአንድ ቦታ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ለእያንዳንዱ ንጣፍ ላይና ታች የየራሱ ሰርፌስ ያስፈልጋል።

ወንዝ ዳር ሌላ ጣጣ አለ። ቀበና ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቢቆፈር፣ ሦስት ማዕዘኑ ሸለቆውን እንደ ድልድይ ይሻገረውና አለቱ ከመሬቱ በላይ አየር ላይ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ከከፍታው ይልቅ የአፈሩን ውፍረት ሞዴል አድርጎ ከመሬቱ ሰርፌስ ላይ መቀነስ ይሻላል፤ እኔ ተዳፋት ቦታ ላይ ሁሌም ይህንን እመርጣለሁ። ሸለቆው ውስጥ አለቱ ፈጦ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሰርቬየሩ እዚያው ነጥብ ይያዝ።

ይህ ከተስተካከለ መጠኑ ቀላል ነው። የአለቱን ሰርፌስ መነሻ፣ የቁፋሮውን የዲዛይን ሰርፌስ ማነጻጸሪያ አድርጋችሁ ቮልዩም ሰርፌስ (በሁለቱ መካከል ያለውን መጠን የሚያሰላ) ስትሠሩ የሚወጣው የካት (የቁፋሮ) መጠን የሚሰበረው አለት ነው። ከጠቅላላው ቁፋሮ ሲቀነስ የቀረው አፈር ነው። ከዳርኞቹ ጉድጓዶች ውጪ ያለውን በባውንደሪ (በወሰን መስመር) ቁረጡት፣ የጉድጓዶቹንም ቦታ ድሮዊንጉ ላይ አሳዩ።