«ጾመው ይምጡ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጅማ ላይ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያለው ሰው «ጾመው ይምጡ» ይባላል። አንዳንዱ ታዲያ ማለዳ ሽሮውን በልቶ ይመጣል። የጾም ምግብ ነዋ! ሐኪሙ ግን ሆድዎ ባዶ ይሁን ማለቱ ነው።

ምክንያቱ ማደንዘዣው ነው። ሙሉ ሰመመን ውስጥ ስንገባ ጉሮሯችን ራሱን መከላከል ያቆማል። ከሆድ የተመለሰ ምግብ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ባብዛኛው ምግብ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት ያህል። ለሕፃን የጡት ወተት 4 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፤ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ።

ቡናስ? መቼም እዚህ አገር ሳይጠየቅ አይቀርም። ወተት ወይም ቅቤ ከገባበት እንደ ምግብ ቁጠሩት። የቡና ቁርሷ ቆሎም ምግብ ናት፣ አንድ እፍኝ ብትሆንም። ጥቁሩን ግን ሐኪሙን ጠይቁ።

አንድ ነገር በደንብ አጣሩ፦ «6 ሰዓት» ሲሏችሁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ነው ወይስ ለ6 ሰዓት ያህል? የየዕለት መድኃኒት ካለም አብራችሁ ጠይቁ።

በስህተት ከበላችሁ እባካችሁ አትደብቁ። ቀጠሮ ቢራዘም ይሻላል።